የጂሚ ሄንድሪክስ የመጀመሪያ የሙዚቃ ዘመን

ጂሚ ሄንድሪክስ (ኅዳር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. – መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1942 – ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970) አሜሪካዊ የሮክ ጊታሪስት፣ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ነበር። በኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ውስጥ ስማቸው በቅድሚያ ከሚነሳ ተጫዋቾች አንዱ ነው። ይህ መጣጥፍ ከልጅነቱ እስከ 1967 ድረስ ያለውን የመጀመሪያ የሥራ ዘመኑን ይመለከታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሄንድሪክስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በ1966 ለንደን ከገባበት ቀን ተነሥቶ ነው። በእርግጥም እንግሊዝ በገባ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ዘፈኖቹና አንድ አልበሙ በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከፍተኛ ቦታ ይዘዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከአራት ዓመት በላይ በአሜሪካ የሌሎች ዘፋኞች አጃቢ ሆኖ ሠርቷል። የአጨዋወቱ መሠረት የተጣለው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ በኋላ ብዙ ገንዘብ ያስከፈለውን ውል የፈረመውም ያኔ ነው።

ልጅነት

ሄንድሪክስ የተወለደው በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ከተማ ነው። መጀመሪያ የወጣለት ስም ጆኒ አለን ሄንድሪክስ ነበር። አባቱ አል ሄንድሪክስ በዚያን ጊዜ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በውትድርና ላይ ስለነበር ልጁን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1946ም ስሙን ለውጦ ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ አለው። እናቱ ሉሲል ጂተር ስትወልደው ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ኑሯቸው የድህነት ኑሮ ነበር፤ ከታናናሾቹም በተለያየ ጊዜ ለአሳዳጊ የተሰጡ አሉ። ወላጆቹ በ1951 ተፋቱ፤ እናቱም በ1958 ሞተች። ያኔ እሱ 15 ዓመቱ ነበር።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ መጥረጊያ እንደ ጊታር ይዞ የመጫወት ልማድ ነበረው። በ1957 ከአባቱ ጋር የአንድ ቤት ጥራጊ ሲያነሡ አንድ ክር ብቻ የቀረላት አሮጌ ዩኩሌሌ አገኘ። ዩኩሌሌ ትንሽ ጊታር የምትመስል አራት ክር ያላት መሣሪያ ናት። በዚያች በአንድ ክር የኤልቪስ ፕሪስሊን ዜማዎች በጆሮው እየተከተለ ይሞክር ነበር። የመጀመሪያውን ጊታር ያገኘው በ1958 ሲሆን ዋጋው 5 ዶላር ነበር። በመድረክ ከሌሎች ጋር ሲጫወት ግን የዚያ ጊታር ድምፅ አልሰማ ስላለ፣ አባቱ በ1959 ሱፕሮ የተባለ ነጭ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ኖታ ማንበብም አልተማረም። መምህሮቹ የማዲ ዋተርስ፣ የቢ.ቢ. ኪንግ፣ የሃውሊን ዎልፍ ሸክላዎችና የሰፈሩ ልጆች ነበሩ።

ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር። ለግራኝ የሚሠሩ ጊታሮች ውድና ብርቅ ስለነበሩ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ገልብጦ፣ ክሮቹን እንደገና በቦታቸው አሥሮ ይጫወት ነበር። ይህን ያደረገው በችግር ቢሆንም በኋላ ለድምፁ የራሱ አስተዋጽኦ ነበረው። በፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ላይ ከድልድዩ አጠገብ ያለው የድምፅ መቀበያ ሰያፍ ሆኖ የተቀመጠ ነው። ጊታሩ ሲገለበጥ ሰያፉም አብሮ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ወፍራሞቹ ክሮች ከወትሮው የጠራ፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ የለዘበ ድምፅ ይሰጣሉ። የእሱን ድምፅ ለመኮረጅ የሚፈልጉ ጊታሪስቶች ዛሬም ጊታራቸውን ገልብጠው የሚሞክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ሥራውን የተጫወተው በሲያትል በሚገኝ የአይሁድ ምኩራብ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መካከል በነበረው እረፍት አባረሩት፤ ምክንያቱም እዩኝ እዩኝ ማለት አበዛ የሚል ነበር። ተመሳሳይ ክስ በሚቀጥሉት ስድስት ዓመታት ደጋግሞ ይገጥመዋል። ከዚያ በኋላ ሮኪንግ ኪንግስ ከተባለ የሰፈር ባንድ ጋር ተጫወተ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ግን አልጨረሰም።

ውትድርና

በ1961 በተሰረቁ መኪናዎች ውስጥ ተሳፍሮ ሁለት ጊዜ በፖሊስ ተያዘ። ከእስር ይልቅ ጦር ሠራዊት መግባትን መርጦ በሜይ 31 ቀን 1961 ተመዘገበ። ከመሠረታዊ ሥልጠና በኋላ የተመደበው በኬንታኪ ግዛት ድንበር ላይ ባለው በፎርት ካምቤል በሚገኘው 101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ሲሆን፣ በፓራሹት መዝለልም ሠልጥኗል። ካምፑ እንደገባ ለአባቱ ጽፎ ጊታሩን አስላከ።

በካምፑ ክበብ ውስጥ ሲለማመድ በዚያ የሚያልፍ ቢሊ ኮክስ የተባለ ወታደር ድምፁን ሰምቶ ገባ። ኮክስ ቤዝ ጊታር ይጫወት ስለነበር ወዲያው አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ካዥዋልስ የተባለ ባንድም አቋቋሙ። ይህ ወዳጅነት እስከ ሄንድሪክስ ሞት ድረስ የዘለቀ ነው።

ወታደርነቱ ግን አልሆነም። አለቆቹ ሐሳቡ ሁሉ ጊታሩ ላይ እንደሆነና በሥራ ሰዓት እንደሚተኛ ጽፈዋል። በ1962 አጋማሽ፣ የሦስት ዓመት ግዴታው ገና አንድ ዓመት እንዳለፈው፣ በክብር ተሰናበተ። እሱ ራሱ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ከሠራዊቱ የወጣሁት በፓራሹት ስዘል ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነው ይል ነበር። የሠራዊቱ መዛግብት የሚሉት ግን ለውትድርና ተስማሚ ሆኖ አለመገኘቱን ነው።

የአጃቢነት ዓመታት

ከሠራዊቱ እንደወጣ ኮክስ የአገልግሎት ጊዜውን እስኪጨርስ በቴነሲ ግዛት በክላርክስቪል ቆየ፤ ከዚያ ሁለቱ ወደ ናሽቪል ሄዱ። ካዥዋልስ የሚል ስም ያለው ሌላ ባንድ ስለነበር ስማቸውን ኪንግ ካዥዋልስ አሉት። በጥቁር አሜሪካውያን የንግድና የመዝናኛ ሰፈር በጄፈርሰን ጎዳና በሚገኘው ክለብ ዴል ሞሮኮ ይጫወቱ ነበር። በጥርስ ጊታር መጫወትን የለመደው በዚህ አካባቢ ሌሎች ጊታሪስቶች ሲያደርጉት አይቶ ነው። በኋላ ለንደን ላይ እንደ ተአምር የታየው ይህ ትርኢት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የምሽት ክበቦች ውስጥ የታወቀ የመድረክ ጨዋታ ነበር።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ኑሮው የሆነው «ቺትሊን ሰርኪት» በሚባለው መስመር ላይ ነው። በዘር መለያየት ዘመን ጥቁር ሙዚቀኞች በነጮች አዳራሾች እንደልብ መሥራት ስለማይችሉ፣ ለጥቁር ታዳሚ የሚሠሩ ክበቦችና ቲያትር ቤቶች ከከተማ ከተማ ተያይዘው የራሳቸው የጉዞ መስመር ነበራቸው። ስሙ የመጣው ቺትሊን ከተባለው ከአሳማ አንጀት ከሚሠራ ምግብ ነው። ክፍያው ትንሽ፣ ጉዞው ረጅም፣ ታዳሚው ግን በቀላሉ የማይረካ ነበር። አጃቢ ጊታሪስት የሚጠበቅበት ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ በአንድ እርምጃ እየተወዛወዘ፣ ዘፋኙን ሳይሸፍን ምቱን መጠበቅ ነው።

ሄንድሪክስ በዚህ ሥራ ብዙ ተምሯል። በዚህ መስመር ላይ ሲዞር ከርቲስ ሜይፊልድን በቅርብ ለማየት ችሏል። ሜይፊልድ ድምፆችን አንድ ላይ እየመታ በመካከላቸው አጫጭር ዜማ የሚሽጥ፣ የዘፋኙን ስንኝ በጊታር የሚመልስ ተጫዋች ነበር። ይህ ስልት በሄንድሪክስ ለዘብ ያሉ ዘፈኖች ውስጥ በግልጽ ይሰማል። ስለ ሄንድሪክስ ሲወራ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱና እሳቱ ቢሆንም፣ ከእኩዮቹ የሮክ ጊታሪስቶች ይበልጥ የለየው የአጃቢነት እጁ ነው። በኋላ በሦስት ሰው ባንድ ሲጫወት ሁለተኛ ጊታር ሳያስፈልገው ምቱንም ዜማውንም አንድ ላይ መያዝ የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1964 መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ገባ። በፌብሩዋሪ ወር በአፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25 ዶላር ተሸለመ። ብዙም ሳይቆይ አይስሊ ብራዘርስ የተባሉት ወንድማማቾች በአጃቢነት ቀጠሩት። ከእነሱ ጋር «ቴስቲፋይ» የተባለውን ዘፈን ቀድቷል። በኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤታቸውም ይኖር ነበር፤ በዚያ ቤት ገና ልጅ ሆኖ ሲለማመድ ያየው የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ኧርኒ አይስሊ በኋላ ራሱ የታወቀ ጊታሪስት ሆነ። በዚያው ዓመት በዶን ኮቬይ «መርሲ መርሲ» ላይ የሚሰማው ጊታርም የእሱ እንደሆነ ይታመናል።

ከአይስሊዎች ወጥቶ በ1964 መጨረሻ አካባቢ የሊትል ሪቻርድ አጃቢ ባንድ የነበረውን አፕሴተርስን ተቀላቀለ። ሊትል ሪቻርድ የሮክ ኤንድ ሮል ጀማሪዎች ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በመድረኩ ላይ ደግሞ ከእሱ ሌላ ሰው እንዲታይ አይወድም ነበር። ሄንድሪክስ በልብሱ፣ በማርፈዱና በመድረክ ላይ በሚያሳየው ጨዋታ ምክንያት ከእሱ ጋር ሳይስማማ ቆይቶ በ1965 በጋ ተለያዩ። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ምስሉ የተቀረጸው በዚሁ ወቅት ነው፤ በናሽቪል «ናይት ትሬይን» በተባለ ዝግጅት ላይ በዘፋኞች ጀርባ ቆሞ ሲያጅብ ይታያል። ተመልካች ዓይን ውስጥ የሚገባው ግራ እጁ ብቻ ሳይሆን ከመስመር ወጣ እያለ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከከርቲስ ናይት፣ ከጆይ ዲ እና ከሳክስፎኒስቱ ኪንግ ከርቲስ ጋር ሠርቷል። ቋሚ ገቢ አልነበረውም፤ ጊታሩን ለመያዣ ሰጥቶ ገንዘብ የሚበደርበት ጊዜም ነበር።

ካፌ ዋ?

በ1966 ሄንድሪክስ ሃርለምን ትቶ በዚያው በኒው ዮርክ ወደ ግሪንዊች ቪሌጅ ሄደ። በወቅቱ ቦታው ግጥምና ፎክ ሙዚቃ የሚወዱ ወጣቶች፣ በአብዛኛው ነጮች፣ የሚሰበሰቡበት ሰፈር ነበር። በዚህ «ጂሚ ጄምስ ኤንድ ዘ ብሉ ፍሌምስ» የተባለ የራሱን ባንድ አቋቁሞ በማክዱገል ጎዳና በሚገኘው ካፌ ዋ? መጫወት ጀመረ። ከአባላቱ አንዱ በኋላ ስፒሪት በተባለው ባንድ የታወቀው፣ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ራንዲ ካሊፎርኒያ ነው።

የሰፈሩ ለውጥ ቀላል ነገር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ሄንድሪክስ ድምፄ ለዘፈን አይሆንም ብሎ ያፍር ነበር። የቦብ ዲለንን ሸክላ ሲሰማ ግን ጥሩ ድምፅ የሌለው ሰው በግጥሙ ኃይል ብቻ ሊደመጥ እንደሚችል አየ። መዝፈንም የራሱን ግጥም መጻፍም ከዚህ ወዲያ ደፈረ። በሃርለም የተሰለፈበትን ጨዋታ ቪሌጅ ማንም አልከለከለውም፤ ጊታር ከአምፕሊፋየር ጋር ተገናኝቶ የሚያወጣውን ጩኸት እንደ ዜማ መቆጣጠርን በሰፊው የሞከረው እዚህ ነው።

ችሎታውን መጀመሪያ ካስተዋሉት ሰዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ ሊንዳ ኪት ናት፤ በወቅቱ የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ ፍቅረኛ ነበረች። ሄንድሪክስን ያየችው ቺታ በተባለ ክበብ ከርቲስ ናይትን ሲያጅብ ነው። የሮሊንግ ስቶንስን ማናጀር አንድሩ ሉግ ኦልደምንና የሸክላ ነጋዴውን ሲሞር ስታይንን አምጥታ አሳየቻቸው፤ ሁለቱም አልተቀበሉትም። ሦስተኛው ቻስ ቻንድለር ነበር። ቻንድለር የአኒማልስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ሲሆን ባንዱን ለቆ ፕሮዲውሰር ለመሆን አስቦ ነበር። ከሄንድሪክስ ጋር ከመገናኘቱ በፊት «ሄይ ጆ» የተባለውን የቢሊ ሮበርትስ ዘፈን ሰው አግኝቼ እንግሊዝ ውስጥ አስቀዳዋለሁ ብሎ ወስኗል። ካፌው ሲገባ ሄንድሪክስ ይጫወት የነበረው እሱኑ ዘፈን ነው።

ለንደን

ሄንድሪክስ ከቻንድለር ጋር ለንደን የገባው በሴፕቴምበር 24 ቀን 1966 ነው። ስሙን «ጂሚ» በአዲስ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እንዲጽፍ የተደረገውም በዚሁ ሰሞን ነው። በኦክቶበር 1 ቀን በአንድ የለንደን ኮሌጅ አዳራሽ ክሪም የተባለው ባንድ ሲጫወት ሄንድሪክስ መድረክ ላይ ወጥቶ የሃውሊን ዎልፍን «ኪሊንግ ፍሎር» አብሮ ተጫወተ። የክሪም ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን በእንግሊዝ ወጣቶች ዘንድ ተወዳዳሪ የለውም የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ ሄንድሪክስ ዘፈኑን በፍጥነት ሲያወርደው ክላፕተን እጁን ከጊታሩ አውርዶ ቆመ። ክላፕተን ብሉዝን የተማረው ከሸክላ ነው፤ ሄንድሪክስም ከሸክላ ተምሮታል፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ለጥቁር ታዳሚዎች ተጫውቶታል።

ለሄንድሪክስ አጃቢ የመፈለጉ ሥራ በጥቂት ቀናት አለቀ። ኖኤል ሬዲንግ የመጣው ለአኒማልስ ጊታሪስትነት ለመፈተን ነበር፤ ቤዝ ተጫወት ተባለና ተስማማ። ድራመሩ ሚች ሚቸል ነው። ሚቸል ልጅ ሳለ በለንደን በጂም ማርሻል የሙዚቃ ዕቃ መደብር ሠርቶ ነበር፤ ሄንድሪክስ በኋላ ዓለም ያወቀውን ድምፁን ያወጣው በዚሁ ሰው አምፕሊፋየሮች ነው። ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስና ጄምስ ማርሻል ስማቸው መገጣጠሙ ለሁለቱም የሚያስቅ ነገር ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ ኤክስፒሪየንስ የተባለው ይህ የሦስት ሰው ባንድ የመጀመሪያ ሥራውን ያቀረበው በኦክቶበር 13 ቀን በፈረንሳይ ኤቭሩ ከተማ፣ የዘፋኙን ጆኒ ሃሊዴይን ዝግጅት በመክፈት ነው።

ሄንድሪክስ የዘፈን ደራሲ የሆነው በከፊል በገንዘብ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዋ ሸክላ አንድ ፊት «ሄይ ጆ» ስትሆን ለሁለተኛው ፊት እሱ ያሰበው ቀድሞ ያጀበበትን «መርሲ መርሲ» ነበር። ቻንድለር አልተቀበለም። ከሸክላ ሽያጭ ውስጥ የደራሲነት ድርሻ ለሁለቱም ፊት እኩል ስለሚከፈል፣ የራስህን ዘፈን ጻፍ አለው። ሄንድሪክስም «ስቶን ፍሪ»ን ጻፈ። ሸክላዋ በዲሴምበር 1966 ወጥታ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 6ኛ ደረሰች።

ከዚያ በኋላ ዘፈኖቹ በፍጥነት መጡ። «ፐርፕል ሄዝ» በማርች 1967 ወጥቶ 3ኛ ሆነ። በዚህ ዘፈን መጨረሻ አካባቢ የጊታሩ ድምፅ አንድ ስምንተኛ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰማው ኦክታቪያ በተባለ፣ ሮጀር ሜየር በሠራው መሣሪያ ነው። «ዘ ዊንድ ክራይስ ሜሪ» ደግሞ ጸጥ ያለ ዘፈን ነው፤ ከፍቅረኛው ከካቲ ኤቺንገም ጋር ከተጣላ በኋላ የጻፈው ሲሆን ሜሪ የእሷ ሁለተኛ ስም ነው። ባንዱ ዘፈኑን ቀድሞ ሳይለማመደው፣ በተከራዩት ስቱዲዮ በቀረችው ሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቀዱት። ከርቲስ ሜይፊልድን የሚያውቅ ሰው የመግቢያውን ጊታር ሰምቶ ምንጩን ወዲያው ይለያል።

«አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ» የተባለው የመጀመሪያ አልበም በሜይ 12 ቀን 1967 በእንግሊዝ ወጥቶ 2ኛ ደረጃ ደረሰ፤ 1ኛውን ቦታ የያዘው የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ነበር። በጁን 4 ቀን ሄንድሪክስ በለንደን ሳቪል ቲያትር መድረክ የወጣው የዚያኑ አዲስ የቢትልስ አልበም መክፈቻ ዘፈን በራሱ ስልት እየተጫወተ ነው። ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ሃሪሰን ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ።

ሞንተሬይ

እስከዚህ ድረስ በአገሩ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። በካሊፎርኒያ በተዘጋጀው የሞንተሬይ ፖፕ ፌስቲቫል እንዲጋበዝ ካሳሰቡት አንዱ ማካርትኒ ነው። በጁን 18 ቀን 1967 የሮሊንግ ስቶንሱ ብራያን ጆንስ ለታዳሚው አስተዋወቀው። «ኪሊንግ ፍሎር»ን በመክፈቻነት፣ የዲለንን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ም በመካከል ተጫወተ፤ በመጨረሻም ጊታሩን በእሳት አቃጥሎ ሰባበረው። ጊታር ሲያቃጥል የመጀመሪያው አልነበረም፤ በማርች 31 ቀን በለንደን አድርጎት እጁን ተቃጥሏል። የሞንተሬዩ ግን በፊልም ስለተቀረጸ ስሙ በአሜሪካ የታወቀው በዚያ ምስል ነው። አልበሙ በአሜሪካ በኦገስት ወር ወጣ።

የአንድ ዶላር ውል

በኦክቶበር 15 ቀን 1965፣ ከከርቲስ ናይት ጋር በሚሠራበት ጊዜ፣ ሄንድሪክስ ከፕሮዲውሰር ኤድ ቻልፒን ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ ነበር። በእጁ የተቀበለው 1 ዶላር ሲሆን ከሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ 1 በመቶ ነበር። ቻንድለር ወደ ለንደን ከመውሰዱ በፊት ሄንድሪክስ የፈረማቸውን ሌሎች ውሎች እየፈለገ ገዝቷቸዋል፤ ይህኛውን ግን ሄንድሪክስ ሳይነግረው ቀረ። ለአጃቢ ሙዚቀኛ ወረቀት መፈረም የዕለት ሥራ ማግኛ ነበርና ክብደት አልሰጠው ይሆናል።

ሄንድሪክስ ዝነኛ ሲሆን ቻልፒን ውሉን ይዞ ከሰሰ። ይበልጥ የሚገርመው ሄንድሪክስ በ1967 በጋ፣ ክርክሩ ተነሥቶ እያለ፣ ወደ ቻልፒን ስቱዲዮ ተመልሶ ከናይት ጋር መቅዳቱ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካፒቶል ሬከርድስ የናይትን ቅጂዎች የሄንድሪክስን ስም በጉልህ አድርጎ ለገበያ አወጣ፤ ብዙ ገዢዎችም አዲስ የሄንድሪክስ አልበም መስሏቸው ገዙ። በ1968 በተደረሰው ስምምነት ቻልፒን ከሽያጭ ድርሻ በተጨማሪ አንድ ሙሉ አዲስ የሄንድሪክስ አልበም በካፒቶል በኩል እንዲያገኝ ተወሰነ። ዕዳው የተከፈለው በ1970 በወጣው «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ» ነው፤ በአልበሙ ላይ ቤዝ የሚጫወተው በፎርት ካምቤል ያገኘው ቢሊ ኮክስ ነው።